ፊልም ወይስ ዲጂታል? መሬትን፣ ብራናንና የቤተሰብ ፎቶን አጥርቶ የሚያስቀረው የትኛው ነው?

አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1972 ኮሮና በሚል ስያሜ በምስጢር ታመጥቃቸው የነበሩት የስለላ ሳተላይቶች ምስል የሚያነሡት በፊልም ነበር። ፊልሙ ሲያልቅ በቋት ታሽጎ ከሕዋ ይለቀቃል፤ በጃንጥላ ሲወርድም አውሮፕላን አየር ላይ እንዳለ በመንጠቆ ይይዘዋል፤ ከዚያም ታጥቦ ይታያል። አሠራሩ ለዛሬ ሰው እንግዳ ቢመስልም የመጨረሻዎቹ የኮሮና ካሜራዎች በመሬት ላይ 2 ሜትር ያህል ስፋት ያለውን ነገር ለይተው ያሳዩ ነበር። ኮሮና ሥራውን ባቆመበት በዚያው በ1972 ላንድሳት 1 የተባለው ሳተላይት መጠቀ። ይህኛው ምስሉን በሬዲዮ ሞገድ ወደ ምድር የሚልክ ነበር፤ ሆኖም የምስሉ አንድ ነጥብ፣ ማለትም ፒክስል፣ በመሬት ላይ 80 ሜትር በ80 ሜትር ያህል ይሸፍን ነበር። ይህም 6,400 ካሬ ሜትር ነው። አንድ ጥማድ ሩብ ሄክታር ተደርጎ ቢሰላ ከሁለት ጥማድ ተኩል የሚበልጥ ማሳ በአንዲት ነጥብ ውስጥ ተጠቃልሎ ይቀራል ማለት ነው። በመንዝ ደጋ የሚኖር አርሶ አደር የገብስ ማሳውን፣ የጎረቤቱን ባቄላና በመካከል የቆመውን የድንጋይ ካብ በዚያ ምስል ላይ ለይቶ ሊያይ አይችልም ነበር።

ንጽጽሩ ፍጹም ፍትሐዊ አይደለም። ኮሮና ከምድር በ160 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ሲበር ላንድሳት ከ900 ኪሎ ሜትር በላይ ሆኖ ነበር የሚያየው። ላንድሳት ደግሞ ፊልሙ ያልነበረው ጸጋ ነበረው፤ በየ18 ቀኑ ወደዚያው ቦታ ይመለሳል፣ ዓይን የማያየውንም የብርሃን ዓይነት በመመዝገብ ለምለሙን አዝመራ ከደረቀው ይለያል። ነገሩ የሚያሳየው ግን አንድ ቁም ነገር ነው፤ «ዲጂታል ዘመናዊ ስለሆነ ከፊልም የጠራ ነው» የሚለው የተለመደ አነጋገር ሁልጊዜ እውነት አይደለም። ለመንዝ፣ ለግሼና ለመርሃቤቴ ነዋሪ ጉዳዩ የፎቶግራፍ አንሺዎች ክርክር ብቻ ተደርጎ የሚታይ አይደለም። የማሳው ካርታ፣ የአጥቢያው የብራና መጽሐፍ ቅጂ፣ በግድግዳው ላይ የተሰቀለው የአያቱ ፎቶግራፍ ሁሉም በአንዱ ወይም በሌላው መንገድ የተቀዱ ናቸው፤ የትኛው ምን ያህል ዝርዝር እንደያዘ ማወቅም የትኛውን አምኖ መያዝ እንደሚገባ ለመወሰን ይረዳል።

ጥራት ሲባል ምን ማለት ነው?

በፎቶግራፍ ሙያ ሪዞሉሽን ወይም የምስል ጥራት የሚባለው ተቀራርበው ያሉ ሁለት ነገሮችን ሁለት መሆናቸውን ለይቶ የማሳየት ችሎታ ነው። ከመርሃቤቴ ገደል አፋፍ ላይ ሆኖ ከጀማ ወንዝ ማዶ የሚግጡ በጎችን የሚመለከት ሰው ነጭ ነገር እንዳለ ያያል፤ አንድ በግ ይሁን ሁለት ግን ለመቁጠር ይቸገራል። በጎቹ ተራርቀው ሲቆሙ ሁለትነታቸው ይታወቃል፤ ሲጠጋጉ አንድ ይሆናሉ። ካሜራም እንዲሁ ነው። የፎቶው ማማር፣ የቀለሙ ድምቀት ወይም የወረቀቱ ማብለጭለጭ ከዚህ ጋር አይገናኝም።

ፊልም ብርሃን ሲነካው የሚለወጥ የብር ጨው ቅንጣቶች የተቀቡበት ላስቲክ መሰል ነገር ነው። ቅንጣቶቹ እኩል አይደሉም፤ በሥርዓት አልተደረደሩም፤ እንደ ተበተነ ጤፍ ናቸው። ደቃቅ ቅንጣት ያለው ፊልም ዝርዝር ነገርን ይይዛል፣ ነገር ግን ብዙ ብርሃን ይፈልጋል። በጨለማ ቦታ ለማንሣት የሚያገለግለው ፊልም ደግሞ ቅንጣቱ ትልልቅ ስለሆነ ምስሉ አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስላል። የዲጂታል ካሜራ ሴንሰር በአንጻሩ በመስመር እንደ ተተከለ ችግኝ ነው፤ እያንዳንዱ ነጥብ እኩል ስፋትና የታወቀ ቦታ አለው፤ የደረሰውን ብርሃን መጠንም በቁጥር ይመዘግባል።

የፊልም ጥራት የሚለካው በአንድ ሚሊሜትር ውስጥ ስንት ጥንድ ጥቁርና ነጭ መስመር ለይቶ እንደሚያሳይ በመቁጠር ነው። አንድን ጥንድ ለመመዝገብ ቢያንስ ሁለት ፒክስል ስለሚያስፈልግ ስሌቱ ወደ ዲጂታል ሊቀየር ይችላል። በየፎቶ ቤቱ የታወቀው ባለ 36 ፊልም አንዱ ምስል 36 ሚሊሜትር በ24 ሚሊሜትር ነው። በአንድ ሚሊሜትር 50 ጥንድ መስመር ቢይዝ በወርዱ 3,600፣ በቁመቱ 2,400 ፒክስል ይሆናል፤ ሲባዛ 8.6 ሚሊዮን ፒክስል፣ ማለትም 8.6 ሜጋፒክስል ገደማ ነው። ፊልሙ ደቃቅ፣ ሌንሱ ጥሩ፣ ካሜራው በመቆሚያ ላይ የጸና ሆኖ 100 ጥንድ መስመር ቢይዝ ግን 34.6 ሜጋፒክስል ገደማ ይደርሳል። ስለዚህ «ፊልም ስንት ሜጋፒክስል ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ አንድ ቁጥር የሚመልስ ሰው ቢገኝ መልሱን በጥርጣሬ መቀበል ይበጃል።

የመጀመሪያው ዲጂታል ካሜራ ከዚህ ሁሉ እጅግ የራቀ ነበር። የኮዳክ ኩባንያ መሐንዲስ ስቲቭ ሳሰን እ.ኤ.አ. በ1975 የሠራው ካሜራ የያዘው 10,000 ፒክስል ብቻ ነው፤ አንዱን ምስል በካሴት ላይ ለመቅዳትም 23 ሰከንድ ይፈጅበት ነበር። በፊልም ሽያጭ የገነነው ያው ኮዳክ እ.ኤ.አ. በጥር 2012 ከዕዳ ጥበቃ ለመጠየቅ ፍርድ ቤት ቀረበ።

ከአየር ላይ የታየ መሬት

ፊልም ከፍ ያለ ጥራቱን ያሳየበት ዋነኛ ቦታ የካርታ ሥራ ነው። ኢጣሊያውያን እ.ኤ.አ. ከ1935 እስከ 1941 በኢትዮጵያ ላይ ሲበሩ ያነሷቸው ፎቶግራፎች ለረጅም ዘመን ተረስተው ከቆዩ በኋላ በኢትዮጵያ ካርታ ሥራዎች ድርጅት ማከማቻ ውስጥ ተገኝተዋል፤ ፎቶዎቹ ከ8,000 በሚበልጡ ጠንካራ ሰሌዳዎች ላይ የተለጠፉ ናቸው። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ደግሞ የኢትዮጵያና የአሜሪካ የካርታ ሥራ ተልእኮ አገሪቱን በአውሮፕላን ሲያነሣ ቆይቷል። ይህ ሁሉ ሀብት የሚመለከተው መሥሪያ ቤት ዛሬ የስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ይባላል።

የአየር ፎቶግራፍ ፊልም እንደ ፎቶ ቤት ፊልም ትንሽ አይደለም። አንዱ ምስል 23 ሴንቲሜትር በ23 ሴንቲሜትር ነው። ልኬቱ 1፡50,000 የሆነ ፎቶግራፍ ላይ 1 ሚሊሜትር በመሬት ላይ 50 ሜትር ስለሚሆን አንዱ ፎቶ 11.5 ኪሎ ሜትር በ11.5 ኪሎ ሜትር፣ ማለትም 132 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ይሸፍናል። ፊልሙ በተግባር በሚሊሜትር 40 ጥንድ መስመር ቢይዝ እንኳ በየጎኑ 18,400፣ በጠቅላላው ከ338 ሜጋፒክስል ጋር የሚመጣጠን ዝርዝር አለው። በመሬት ላይ ሲሰላ ከ60 እስከ 65 ሴንቲሜትር ማለት ነው። የድንጋይ ካብ፣ የቤት ክዳን፣ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ያለ ትልቅ ጽድ ሁሉ ይታያል። አየር ላይ የሚያነሡ ትልልቅ ዲጂታል ካሜራዎች ወደ ገበያ የገቡት ከ2000 እ.ኤ.አ. ወዲህ ነው፤ አምራቾቹም ይህን የሚያህል ስፋት በአንድ ሴንሰር መሸፈን አዳጋች ስለነበረ ብዙ ሴንሰሮችን ማጣመር ግድ ሆኖባቸው ነበር።

የሰሜን ሸዋ መልክዓ ምድር በዚህ ላይ የራሱን ችግር ይጨምራል። ለካርታ ሥራ የተለመደው ሌንስ የትኩረት ርዝመቱ 152 ሚሊሜትር ነው። በዚህ ሌንስ 1፡50,000 ፎቶግራፍ ለማንሣት አውሮፕላኑ ከመሬቱ 7,600 ሜትር ከፍ ብሎ መብረር አለበት። 3,000 ሜትር ከፍታ ባለው ደጋ ላይ ተለክቶ የተጀመረ በረራ ከአፋፉ አልፎ 1,500 ሜትር ላይ ወዳለው የጀማ ወይም የወንጪት ሸለቆ ሲደርስ ከታች ያለው ርቀት 9,100 ሜትር ይሆናል፤ ልኬቱም ወደ 1፡60,000 ይወርዳል። በአንዱ ፎቶግራፍ ላይ የደጋው ማሳ ከቆላው ማሳ በልጦ ይታያል ማለት ነው፤ ሁለቱ በስፋት እኩል ቢሆኑም። ፎቶግራፍን በማስመሪያ ለክቶ «ማሳዬ ከእርሱ ይበልጣል» ማለት የማይቻለው በዚህ የተነሣ ነው። የመሬቱ ከፍታ ተሰልቶ እንዲህ ያለው መዛባት ከተስተካከለ በኋላ የሚገኘው ምስል ኦርቶፎቶ ይባላል፤ ስፋትን በትክክል ለመለካት የሚያገለግለውም እርሱ ነው።

ጥላም አለ። በጠዋት የተነሣ ፎቶግራፍ በገደሉ ምዕራባዊ ግርጌ ያለውን መንደር በጨለማ ሊሸፍነው ይችላል። ፊልም ከታጠበ በኋላ በጥላ ውስጥ ያልመዘገበውን ማንም ሊመልሰው አይችልም፤ ዲጂታል ሴንሰር ግን በጥላ ውስጥ የቀረውን ደካማ ብርሃን በተሻለ ሁኔታ ይይዛል። በአጠቃላይ ለገደላማ አካባቢ የዲጂታሉ ዋና ብልጫ ከነጥቦቹ ብዛት ይልቅ ይህ ነው ቢባል አያሳስትም።

አሮጌ የአየር ፎቶግራፎች ያላቸው ጥቅም በተመራማሪዎች ዘንድ የታወቀ ነው። በደቡብ ጎንደር በ1938 እ.ኤ.አ. የተነሡ ፎቶግራፎች ከ2015ቱ የሳተላይት ምስል ጋር ተነጻጽረው የቤተ ክርስቲያን ደኖች እንዴት እንደቆዩ ተጠንቷል። ነገር ግን እንዲህ ያለው ሥራ የሚቻለው ፊልሙ ወይም ጥሩ ኅትመቱ በባለሙያ ስካነር ሲነበብ ነው። ያንኑ 23 ሴንቲሜትር ኅትመት አንድ ሰው በ12 ሜጋፒክስል ስልክ ቢያነሣው ምስሉ በየጎኑ ከ3,000 ፒክስል አይበልጥም፤ በመሬት ላይ አንዱ ፒክስል 3.8 ሜትር ይሆናል። ካቡ ይጠፋል፣ የእግር መንገዱ ይጠፋል፣ ሁለት ጎጆ አንድ ይሆናል። ከዚያ በኋላ «የድሮው ፎቶ ምንም አያሳይም» ቢባል ጥፋቱ የቅጂው ነው።

እዚህ ላይ ሊዘነጋ የማይገባ ነገር አለ። በወሰን ክርክር ጊዜ የንጉሡ ዘመን የአየር ፎቶግራፍ ቢገኝ ጉዳዩ ይፈታል የሚል ተስፋ አንዳንድ ጊዜ ይደመጣል። ፎቶግራፉ ካቡ በዚያን ጊዜ የት እንደነበረ ሊያሳይ ይችላል፤ መሬቱ ዛሬ የማን እንደሆነ ግን አያሳይም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት አድርጓል፤ በ1989 ዓ.ም. በክልሉ የተካሄደው የመሬት ሽግሽግም ይዞታን ከሰው ወደ ሰው አዛውሯል። በመካከሉ የታረሰ፣ የተካፈለ፣ በጎርፍ የተወሰደ ወሰን ብዙ ነው።

ካርታ የወጣለት ይዞታ

በአማራ ክልል የገጠር መሬት ይዞታ ምዝገባ ሲጀመር ማሳ የሚለካው በገመድ ነበር። ደብተሩ የባለይዞታውን ስምና የአዋሳኞቹን ማንነት በአራቱም አቅጣጫ ይመዘግባል፤ ባልና ሚስት በጋራ ሲይዙም የሁለቱም ፎቶግራፍ ይለጠፍበታል። ለዚህች ፎቶ ጥራት ብዙ አያስጨንቅም። 3 ሴንቲሜትር በ4 ሴንቲሜትር የሆነች ጉርድ ፎቶግራፍ በደንብ ለመታተም ከ170,000 የማይበልጥ ፒክስል ይበቃታል፤ ይህም ከአንድ ሜጋፒክስል አንድ አምስተኛ በታች ነው። ይሁንና የሚስት ፊት በደብተሩ ላይ መኖሩ ያለው ዋጋ በፒክስል አይለካም።

ሁለተኛ ደረጃ የሚባለው ምዝገባ ግን በምስል ላይ የተመሠረተ ነው። የአየር ኦርቶፎቶ ወይም የሳተላይት ምስል በትልቅ ወረቀት ታትሞ ወደ ቀበሌው ይወጣል፤ ባለይዞታውና አዋሳኞቹ ባሉበት ወሰኑ በምስሉ ላይ ይሰመራል፤ ከዚያም ወደ ኮምፒውተር ይገባና ለሕዝብ ይፋ ተደርጎ ስሕተት ካለ ይታረማል። ብዙ አርሶ አደሮች የመሬታቸውን ምስል ከላይ ሲያዩ ያ የመጀመሪያቸው ነበር።

በዚህ ሥራ ላይ ከተለመዱት የሳተላይት ምስሎች አንዱ ፒክስሉ 50 ሴንቲሜትር የሆነው ነው። 60 ወይም 70 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው የመንዝ የድንጋይ ካብ በዚህ ምስል ላይ እንደ ቀጭን ክር ይታያል። በካብ ያልተከለለ፣ በሣር መስመር ብቻ የተለየ ወሰን ግን በክረምት ማግሥት ላይታይ ይችላል። ማሳውም አረንጓዴ፣ ወሰኑም አረንጓዴ ነውና ሁለቱን የሚለይ ልዩነት የለም። ፊልምም ሆነ ዲጂታል ጥራቱ የሚለካው በጥቁርና ነጭ መስመር ነው፤ የቀለም ልዩነቱ ሲደበዝዝ ችሎታውም አብሮ ይቀንሳል። የበጋው ወቅት፣ አዝመራው ተነሥቶ ማሳው ገለባ ሲሆን፣ ለእንዲህ ያለው ሥራ የሚመረጠው በዚህ ነው፤ ደመናም ያኔ አነስተኛ ነው።

ከፒክስሉ የበለጠ ስሕተት የሚያስከትለው ግን ብዙ ጊዜ እስክሪብቶው ነው። ምስሉ በ1፡2,000 ልኬት ሲታተም ግማሽ ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የእስክሪብቶ መስመር በመሬት ላይ 1 ሜትር ይሸፍናል። ሳተላይቱ ግማሽ ሜትርን ለይቶ ያመጣውን ወሰን የእጅ መስመር በእጥፍ ያሰፋዋል። 100 ሜትር ርዝመት ባለው ወሰን ላይ መስመሩ በግማሽ ሜትር ወደ አንዱ ወገን ቢያዘነብል 50 ካሬ ሜትር ከአንዱ ወደ ሌላው ይሄዳል። ስለዚህ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው መስመሩ በሚሰመርበት ሰዓትና ካርታው ለዕይታ በሚቀርብበት ጊዜ ነው፤ ያኔ ሳይገኙ ቀርቶ በኋላ ሳተላይቱን መውቀስ አይጠቅምም።

በስልክ ላይ በነጻ የሚገኙ የሳተላይት ምስሎችም አሉ። ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራው የአውሮፓው ሴንቲኔል 2 ፒክስሉ 10 ሜትር ነው። የአዝመራን ሁኔታ፣ የደን ሽፋንን፣ የጓሳን ሣር መለዋወጥ ለመከታተል ጥሩ ነው፤ ለወሰን አይሆንም። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና የመጠቀችው የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይትም የተሠራችው ለግብርና፣ ለአካባቢና ለማዕድን መረጃ እንጂ የማሳ ወሰን ለመለካት አልነበረም።

በብራና ላይ የተጻፈው

የመሬት ነገር በዚህ አገር በካርታ ከመሰፈሩ አስቀድሞ በብራና ተጽፏል። በየአድባራቱ በወንጌል መጻሕፍት ጠርዝና በባዶ ገጾች ላይ የርስትና የጉልት ስጦታ፣ የሽያጭና የውርስ ማስታወሻ፣ የምስክሮች ስም ይገኛል። እነዚህ ጽሑፎች ብዙውን ጊዜ ከዋናው መጽሐፍ ባነሰ ፊደልና ጥራቱ ዝቅ ባለ ቀለም የተጻፉ በመሆናቸው ቅጂ ሲዘጋጅ በመጀመሪያ የሚጠፉት እነርሱ ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ1973 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ብራና ማይክሮፊልም ቤተ መጻሕፍት ከኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ጋር በመተባበር ከ9,000 የሚበልጡ የብራና መጻሕፍትን በፊልም ቀድቷል። ከእነርሱ ብዙዎቹ ከሸዋ አብያተ ክርስቲያናት ናቸው፤ መንዝና መርሃቤቴም በካታሎጎቹ ውስጥ ስማቸው ይገኛል። ካታሎጎቹን በማዘጋጀት ቀዳሚ ድርሻ ያላቸው የሸንኮራው ተወላጅ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ሲሆኑ እስከ 5,000ኛው ቁጥር የደረሱ 10 ጥራዞች ታትመዋል። ፊልሞቹ በአሜሪካ ሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል በሚገኘው የቅዱስ ዮሐንስ ዩኒቨርሲቲ ተጠብቀዋል። ፊልሙ ከተነሣ በኋላ ብራናው በእሳት፣ በስርቆት ወይም በአይጥ ቢጠፋ የቀረው ምስክር ይህ ፊልም ይሆናል። ጥያቄው እንግዲህ ፊልሙ ምን ያህል ይነበባል የሚለው ነው።

ተዘርግቶ ሁለት ገጹ 50 ሴንቲሜትር የሚሆን መጽሐፍ 36 ሚሊሜትር ወርድ ባለው የፊልም ምስል ላይ ሲቀዳ ወደ 14 እጥፍ ገደማ ይቀነሳል። ማይክሮፊልም ደቃቅ ፊልም ነውና በሚሊሜትር 100 ጥንድ መስመር ቢይዝ በብራናው አንድ ሚሊሜትር ላይ 14 ፒክስል ያህል ይደርሳል። በዚያው ርቀት የሚያነሣ የዛሬ 24 ሜጋፒክስል ዲጂታል ካሜራ 12 ፒክስል፣ 12 ሜጋፒክስል ስልክ ደግሞ 8 ፒክስል ይሰጣል። የ50 ዓመቱ ፊልም በዝርዝር ረገድ ከዛሬው ጥሩ ካሜራ ጋር እኩል ለእኩል ነው፤ ከስልኩም ይበልጣል።

ነገር ግን ይህ ስሌት የመጀመሪያውን ፊልም ይመለከታል። ከመጀመሪያው ሁለተኛ፣ ከሁለተኛው ሦስተኛ ሲቀዳ በየጊዜው ጥቂት ዝርዝር ይቀራል፤ ተመራማሪ እጅ የሚደርሰውም ብዙ ጊዜ ቅጂው ነው። ዲጂታል ፋይል በዚህ ይበልጣል፤ ሺህ ጊዜ ቢቀዳ ሺህኛው ከመጀመሪያው አይለይም። ሁለተኛው ጉድለት ቀለም ነው። ማይክሮፊልሙ ጥቁርና ነጭ በመሆኑ ቅዱሳት ስሞች የሚጻፉበት ቀይ ቀለም ወደ ግራጫ ይለወጣል፤ ደብዝዞ የነበረ ጥቁር ቀለምም ከእርሱ አይለይም። የእርጥበት ጠባሳና የተፋቀ ፊደልም በግራጫው ውስጥ ይመሳሰላሉ። በቀለም የሚያነሣ ዲጂታል ካሜራ የተፋቀውን ቦታ ከጠባሳው ይለያል፤ ልዩ ብርሃን ከታከለበትም ዓይን የማያየውን ፍቅ ጽሑፍ ሊያወጣ ይችላል።

የጥራት ጉዳይ በተግባር የሚፈተነው በግዕዝ ቁጥር ላይ ነው። ፮ እና ፯ ተቀራራቢ ቅርጽ አላቸው። በጠርዝ ላይ በ2 ሚሊሜትር ቁመት በተጻፈ የጉልት ማስታወሻ ውስጥ ሁለቱን የሚለያቸው ጭረት ከግማሽ ሚሊሜትር አይበልጥም። በ14 ፒክስል ሲነበብ ያ ጭረት በ7 ነጥብ ይገለጻል፤ በ8 ፒክስል በ4 ነጥብ፤ የስልኩ እጅ ትንሽ ከተንቀጠቀጠ ደግሞ ይጠፋል። በዓመተ ምሕረት ውስጥ የአንድ ዓመት ልዩነት የትኛው ንጉሥ ወይም የትኛው አለቃ በነበረበት ዘመን እንደተጻፈ ሊያዛባ ይችላል። በፊደሎቹም ላይ እንዲሁ ነው፤ በ«ቡ» እና በ«ቢ» መካከል ያለው ልዩነት የቅጥያዋ ቦታ ብቻ ነው።

ስለዚህ የአጥቢያውን መጽሐፍ በስልክ ማንሣት ከምንም ይሻላል፣ ካህናቱና ሰበካ ጉባኤው ከፈቀዱ። ዘዴው ግን ሁለቱን ገጽ በአንድ ጊዜ ከማንሣት አንዱን ገጽ ለብቻ፣ የጠርዝ ጽሑፉንም ደግሞ ለብቻ ቀርቦ ማንሣት ነው። ገጹ 25 ሴንቲሜትር ሲሆን ያው 12 ሜጋፒክስል ስልክ በሚሊሜትር 16 ፒክስል ይሰጣል፤ ማይክሮፊልሙን ይበልጣል ማለት ነው። ፍላሽ አያስፈልግም፤ ከበር ወይም ከመስኮት የሚገባ የቀን ብርሃን ይበቃል።

በስልኩ ጀርባ የተጻፈው ቁጥር

108 ሜጋፒክስል የሚል ጽሑፍ ያለበት ስልክ ከፎቶ ቤቱ ትልቅ ካሜራ አራት እጥፍ ያጠራል ማለት አይደለም። የስልክ ሴንሰር ጥቂት ሚሊሜትር ስፋት ያለው በመሆኑ ነጥቦቹ እጅግ ደቃቅ ናቸው፤ ትንሿ ሌንስም ያን ያህል ዝርዝር አታቀርብላቸውም። ስልኩ ራሱ አብዛኛውን ጊዜ ዘጠኙን ነጥብ ወደ አንድ ጠቅልሎ 12 ሜጋፒክስል ምስል ያወጣል። በተጨማሪም በዲጂታል ካሜራዎች ሁሉ ማለት ይቻላል አንዱ ነጥብ የሚያየው አንድ ቀለም ብቻ ነው፤ ግማሾቹ አረንጓዴ፣ ሩቡ ቀይ፣ ሩቡ ሰማያዊ ያያሉ፤ የቀረውን ካሜራው ከጎረቤት ነጥቦች ገምቶ ይሞላል። በቀለም ፊልም ላይ ግን ሦስቱ ቀለሞች በተደራረበ ንጣፍ ስለሚመዘገቡ እንዲህ ያለ ግምት የለም።

ዲጂታል ፊልምን በገበያው ያሸነፈው በዝርዝር ብዛት ብቻ አልነበረም። ባለ 36 ፊልም 36 ፎቶ ነው፤ ታጥቦ እስኪወጣ ድረስም ምን እንደወጣ አይታወቅም። በመሸ ጊዜና በጉም ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገርን ለማንሣት ደግሞ ዲጂታል ወደር የለውም። በመንዝ ጓሳ ጭላዳን ወይም ቀይ ቀበሮን በጠዋት ጉም ውስጥ ለመከታተል ለሚሻ ሰው የሺህ ፎቶዎች ነጻነት ከጥቂት ሜጋፒክስል ይበልጣል።

በቤት ውስጥ ያለው ፊልምና ፎቶግራፍ

በመሐል ሜዳ፣ በሞላሌ፣ በራቤልና በዓለም ከተማ በብዙ ቤቶች የድሮ ፎቶግራፎች አሉ፤ ኔጌቲቩ ግን ብዙ ጊዜ ወይ በፎቶ ቤቱ ቀርቷል ወይ ተጥሏል። ኔጌቲቭ ካለ ዋናው ምስል እርሱ ነው፤ ወረቀቱ ቅጂ ነው። 36 ሚሊሜትሩ ኔጌቲቭ በ4,000 ዲፒአይ ስካነር ሲነበብ 21 ሜጋፒክስል ገደማ ይወጣዋል። 10 ሴንቲሜትር በ15 ሴንቲሜትር የሆነ የወረቀት ፎቶ ደግሞ በ600 ዲፒአይ ሲነበብ 8 ሜጋፒክስል ይሆናል፤ ከዚያ በላይ ቢጨመር ፋይሉ ይወፍራል እንጂ ምስሉ ብዙም አይጠራም፣ ወረቀቱ ራሱ ያን ያህል አልያዘምና።

ፎቶውን ስካን ካስደረጉ በኋላ በቴሌግራም የሚልኩ ሰዎች «ፎቶ» አድርገው ሲልኩት መተግበሪያው ምስሉን አሳንሶ ይልከዋል፤ «ፋይል» አድርገው ሲልኩት ግን እንዳለ ይደርሳል። የመጀመሪያውን ፋይል በስልክ ብቻ ማስቀመጥም አይመከርም፤ ስልክ ይሰበራል፣ ይሰረቃልም። በሁለት የተለያዩ ቦታዎች፣ ለምሳሌ በፍላሽና በዘመድ ኮምፒውተር፣ ማኖር ይበጃል።

ፊልሙ ከተቀዳ በኋላም መጣል የለበትም። የመንዝ ደጋ ብርድ ለፊልም ምቹ ነው፤ የቆላው ሙቀትና የምድጃ ጭስ ግን ይጎዱታል። የወረቀት ፖስታ ውስጥ አድርጎ፣ ከጭስና ከእርጥበት ርቆ፣ በሣጥን ማስቀመጥ በቂ ነው። ሣጥኑ ሲከፈት የሆምጣጤ ሽታ ካለው ፊልሙ መበስበስ ጀምሯል፤ ሌሎቹን እንዳያበላሽ ለብቻው ተለይቶ በቶሎ ስካን መደረግ አለበት። ኔጌቲቭን ለማጽዳት ውኃም ሆነ ጨርቅ መጠቀም አይገባም፤ አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ ማራገፍ ይበቃል፤ ሲያዝም በጠርዙ ነው።